የጅራታ ቅባት

ጅራታ ያረጀ መኪና ሙሽራ የሚያደርግ ሰው ነበር። ነበር ስል ሞቷል ማለቴ አይደለም፤ ዛሬም ጠዋት ጠዋት በሱቄ ደጅ ሰላም ብሎኝ ያልፋል። ሥራውን ግን ትቷል። ለምን እንደተወው ከተማው ሁሉ የመሰለውን ስለሚያወራ፣ ያየሁትን እኔ ልናገር።

መቱ ውስጥ፣ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእኔ የመለዋወጫ ሱቅ ፊት ለፊት አንዲት የቆርቆሮ ጥላ ነበረችው። የኛ አገር ፀሐይና ዝናብ ተራ እየገቡ የመኪና ፕላስቲክ ይበላሉ፤ ጥቁር የነበረው ፓራውልት፣ የግጭት መከላከያው፣ አመድማ ይሆናል፣ ክሮሙም ጉም የያዘው መስታወት ይመስላል። ጅራታ ያንን ይመልሰው ነበር። ፕላስቲኩን በኦሞ አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ ራሱ ከሰል ላይ የሚያቀልጠውን ቅባት ያጠጣዋል። ቅባቱ የጫማ ቀለም፣ ቫዝሊንና ጥቂት የሞተር ዘይት ነው፤ ልኩን ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም። የክሮሙን ዝገት ደግሞ በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀትና በውኃ ይፈትግና፣ በተነፋ አመድ ይወለውለዋል። ሲጨርስ ባለመኪናው ፊቱን እያየበት ፀጉሩን ያበጥራል።

አንድ ሕግ ነበረው፤ መሪና ፔዳል አይቀባም። ቢለምኑትም፣ «እጅና እግር የሚይዙት ነገር ማማር የለበትም፤ ያዳልጣል» ይላል። አንድ የዳሪሙ ነጋዴ ድርቅ ቢልበት፣ መኪናውን ግማሹ እንደተሠራ ይዞ እንዲሄድ አድርጎታል። በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም ነበር።

ገለኔ አንድ ልጁ ናት። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ብቻውን ነው ያሳደጋት፤ ፀጉሯን እንኳ የሚሠራት እሱ ነበር፣ ያውም ሲያጣምመው እየሳቅንበት። ፋኦል የሚባል የጎሬ ልጅ ወደዳት፤ ሽማግሌ ተላከ፣ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ጎረቤታችን ኪቲላ ለሙሽራዋ ብሎ አሮጌ ላንድክሩዘሩን አቀረበ። ኪቲላ በዚያ መንገድ ዕድሜውን የፈጀ ሾፌር ነው፤ ጅራታን እንደ ታላቅ ወንድሙ ያከብረዋል። «ጋሼ፣ ገለኔን ከእኔ በቀር የሚያደርሳት የለም፤ አደራውን ለእኔ ይስጡኝ» አለው።

ጅራታ ለዚያ መኪና ሲል ሌላ ሥራ ሁሉ መለሰ። ፓራውልቱ እንደ አዲስ ጠቆረ፣ የፊቱ ክሮም ዓይን ይወጋ ጀመር። እኔ ግን ለምን እንደሆነ ሳላውቀው ልቤ ያን መኪና አልወደደውም። ከልክ በላይ ያማረ ነገር ያስፈራኛል፤ እንዲህ ነኝ።

በሠርጉ ዋዜማ የፋኦል አክስት እትዬ ሀረገወይን ከጎሬ ወርደው መኪናውን ሊያዩ መጡ። ዞሩት፣ ዞሩትና የሾፌሩን በር ከፈቱ። ውስጡ አቧራ የጠጣ ዳሽቦርድና የነጣ ላስቲክ ነው።

«ኧረ ጉድ! ውጪው ሙሽራ፣ ውስጡ መበለት!» ብለው ሳቁ።

ክፋት የላቸውም፤ አፋቸው ነው እንጂ። አማች የወረወራት ቀልድ ግን እንደ ሌላ ቀልድ አትቀልም። ጅራታ አብሯቸው ሳቀ፤ እሳቸው ሲሄዱ ፊቱ ጠቆረና የቅባቱን ቆርቆሮ ከሰሉ ላይ መልሶ ጣደው። ሱቄን ስዘጋ ግማሽ ሰውነቱን መኪናው ውስጥ አስገብቶ ያሻል።

«ጅራታ፣ በቃ እንጂ!» አልኩት።

«ልጄ ላይ ጎሬ ውስጥ ማንም አይስቅባትም፣ ሸጋው» አለኝ ስሜን ጠርቶ፣ ቀና ሳይል። የሚያሸው ምኑን እንደሆነ ከቆምኩበት አይታየኝም ነበር።

ሠርጉ አማረ። ኪቲላ ሶሉ የሚያንሸራትት አዲስ የቆዳ ጫማ አድርጎ፣ ሙሽሮቹን ይዞ ወደ ጎሬ ወጣ። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ሽቅብ የሚወጣ መኪና ደግሞ ፍሬን ብዙ አያስረግጥም። እሱም በእንግድነት እዚያው ሰነበተ፣ መኪናውም እንደቆመ ነበር።

የመልሱ ቀን፣ ሙሽሮቹ ወደ አባቷ ቤት በሚወርዱበት ዕለት፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ከብዶ ነበር። የኢሉባቦርን ሚያዝያ ማመን አይቻልም። ከቀትር በኋላ ዶፍ ወረደ፤ እኛ ዳሱ ውስጥ ሆነን እንጠብቃለን። አንድ አዲስ ጫማ ያደረገ እንግዳ መሬት ላይ የተነጠፈው እርጥብ ሸራ አዳለጠውና ከነወንበሩ ወደቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጅራታ ግን ወደ ላይ የተንጋለለውን ጫማ ሶል እያየ ደርቆ ቀረ። ከዚያ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ።

«ሸጋው፣ ፔዳሉን ቀብቼዋለሁ።»

«የቱን ፔዳል?»

«ሁሉንም። የፍሬኑንም። ተናድጄ ነበር፣ እጄ ዝም ብሎ ሄደ። መኪናው ደግሞ አሁን ቁልቁል ነው የሚመጣው።»

ኪቲላ ዘንድ ደወልን፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ሙሽራ የጫነ መኪና ውስጥ ዘፈን እንጂ ስልክ አይሰማም። የፋኦል ስልክ ዝግ ነው። ባጃጅ ይዘን ወደ ጎሬ ገሰገስን፤ በዚያ ዝናብና በዚያ ዳገት ባጃጅ ከእግረኛ አይሻልም። ከላይ መብራት በታየ ቁጥር ጅራታ ብድግ ይላል፤ ቀርቦ ሚኒባስ ወይም የቡና ጭነት ሲሆን መልሶ ይቀመጣል። በኦሮምኛ «ማሎ፣ ማሎ» እያለ ይለምናል። እኔም በልቤ እለምን ነበር፤ የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

አንዱ ኩርባ ላይ ሰው ተሰብስቧል። መኪናው ከመንገዱ በታች፣ ቡና ተክል ውስጥ በጎኑ ተኝቷል። ፋኦልና ሚዜዎቹ ቆስለዋል፤ ኪቲላ ክንዱ ተሰብሮ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሏል። ከታች የዋለው ገለኔ የተቀመጠችበት ጎን ነበር። ጅራታ ታቅፏት «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ኢንተላ ኮ» ይል ጀመር፤ በአንዱ ቋንቋ ካልሰማችው በሌላው የምትሰማው ይመስል። የዝናቡ ጠብታ ከፓራውልቱ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል፣ ፕላስቲኩ እንደ ጥቁር መስታወት ያበራል። ያን ቀን ያን ቅባት በእግዚአብሔር ስም ረገምኩት።

ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ዝናቡን አማ። ኪቲላ ግን ራሱን ነበር የሚወነጅለው፤ «እግሬ ከዳኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም፣ እህልም እምቢ አለ። ጅራታ ስለ ፔዳሉ ለማንም አልተናገረም። ነገሩ የእሱ ነውና ከእሱ አፍ እስኪወጣ ጠበቅኩ፤ ቀን በቀን ግን ንዴቴ እየባሰ ሄደ። ኪቲላ ዓይናችን እያየ ይመነምናል፣ አባትየው ግድግዳ ያያል።

አርባዋ ሳይወጣ ሽማግሌዎች መጡ። ከኋላቸው ኪቲላ በባዶ እግሩ፣ የተሰበረ ክንዱን አንግቶ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል። እጁ ላይ የሰው ሕይወት የጠፋበት ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው፤ ድንጋዩን የሚያወርድለት የተበደለው ሰው ነው፣ እስከዚያ ቀና አይልም።

«ጅራታ» አሉ ሽማግሌው ኦቦ መገርሳ፣ «ያጠፋው ሰው ይኸው ደጅህ ላይ ነው። ስለ ፈጣሪ ብለህ ማርልን።»

«ጋሼ፣ አደራዎን በላሁ» አለ ኪቲላ፣ ወደ መሬት እንዳጎነበሰ።

ጅራታ ድንጋዩን ተመለከተ። ድንጋዩን አውርዶ ቢስመው ሽማግሌዎቹ ይመርቁና ነገሩ እዚያው ይዘጋል፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ወደ እኔ አላየም። ተራመደና ድንጋዩን በሁለት እጁ ከኪቲላ ማጅራት ላይ አነሳ። ሽማግሌዎቹ ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ። ጅራታ ግን ድንጋዩን መሬት አላስቀመጠውም፤ የራሱ ማጅራት ላይ ጫነውና ኪቲላ እግር ስር ተንበረከከ።