የኔአለምና የቅዳሜ ሰዎች

የኔአለም መቀሌ የገባችው በትዳር ነው። ደሴ ተወልዳ፣ መምህርነትም እዚያው ተምራ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛውን ኣለምሰገድን አገባችና ጓዟን ጠቅልላ መጣች። አማርኛ ታስተምራለች። ትግርኛዋ ለገበያና ከአማቷ ጋር ለመጫወት ይበቃል፤ ሆድ ያባውን ለማውጣት ግን አይበቃም።

አረቄ የለመደችው በጦርነቱ ጊዜ ነው። ስልክ ተቋርጦ ነበርና የእናቷን ሞት የሰማችው ከወራት በኋላ ነው። አብሯት ለቅሶ የሚቀመጥ ዘመድ በአጠገቧ አልነበረም። እንቅልፍ እንዲወስዳት ብላ ማታ ማታ አንድ መለኪያ ትል ጀመር። በኋላ ስልኩም ትምህርት ቤቱም ተከፈተ፤ መለኪያው ግን ወደ ጠርሙስ አድጎ ነበር። ጓዳ ገብታ፣ ከሽሮው ዕቃ ጀርባ ደብቃ ትጠጣለች፤ ሽታውን ለማጥፋት ቅርንፉድ ታኝካለች።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ "ትንሽ ብቻ" ብላ ተቀመጠች፤ እዚያው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣላት። ትንሿ ልጇ እድላዊት ከመዋዕለ ሕፃናት የሚወስዳት አጥታ ከዘበኛው ጋር በር ላይ ቀረች። አመሻሹ ላይ አባቷ ነው ይዟት የገባው። ኣለምሰገድ ክፉ ቃል አልተናገረም። ልጁን አብልቶ አስተኛና ሚስቱ ጎን ተቀምጦ አለቀሰ።

"ምን ላድርግልሽ፣ የኔ?" አላት። "ንገሪኝና ላድርገው።"

"እኔስ መቼ አወቅሁት?" አለችው።

ኣለምሰገድ ተስፋልደት የሚባል የሥራ ባልደረባ ነበረው፤ በየድግሱ አምቦ ውሃ ብቻ የሚጠጣ ሰው። ጨጓራ አለበት እየተባለ ይታዘንለታል። ኣለምሰገድ ጭንቀቱን ለእሱ አጫወተው።

"ጨጓራ የለብኝም" አለ ተስፋልደት። "ሰካራም ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሓወልቲ ሰፈር እንሰበሰባለን፤ መጠጥ የጣለን ሰዎች ብቻ ነን። ሐኪም የለ፣ ሰባኪ የለ፤ እርስ በርስ ነው የምንደጋገፈው። ትምጣ።"

ቅዳሜ ከሮማናት አደባባይ ባጃጅ ይዛ ሄደች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ሕንፃው ላይ ምልክት የለም። አልፋው ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና አለፈችው። በመጨረሻ ሽማግሌው ዘበኛ ጠራት።

"ማንን ፈልገሽ ነው?"

"ስብሰባ…"

"የትኛውን ስብሰባ?"

መሬት መሬት እያየች "የመጠጡን" አለች።

ሳቅ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ዱላውን ይዞ ተነሣና "ንዒ ሓፍተይ፣ ነይ እህቴ" ብሎ እስከ ክፍሉ በር አደረሳት።

የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ክፍል ነው። ማሽኖቹ ወደ ግድግዳ ተጠግተው ወንበሮች ክብ ሠርተዋል፤ የተቀመጡት በሙሉ ወንዶች ናቸው። ልትመለስ ስትል ኣባዲ የሚባሉ ጡረተኛ ሾፌር ወንበር ሳቡላት።

"ከሴት ወገን የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ" አሏት። "ሌሎቹ እቤታቸው ተደብቀው እየጠጡ ነው። እንኳን ደህና መጣሽ።"

ተራው ሲደርሳት በትግርኛ ጀመረች፤ ቃል አጠራት። ከጦርነቱ ወዲህ በዚህ ከተማ አማርኛ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ለምዳለች።

"በአማርኛ ተናገሪ፣ ልጄ" አሉ ኣባዲ። "ላልገባው እኛ እንነግረዋለን።"

የእናቷን ነገር ተናገረች። ለማንም እንዲህ ከሥሩ ነግራ አታውቅም። ስትጨርስ አጠገቧ የነበረው ሰው ተነሣ፤ ወንድሙን በዚያው ጦርነት ያጣ ነው። "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አላት። ሌሎቹም አንድ በአንድ እየተነሡ እጇን ጨበጡ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው። የኔአለም ለእናቷ ያን ቀን ነው ያለቀሰችው።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በፋሲካ ሰሞን ጎረቤት ቤት ቀመሰች፤ ከዚያ ጠጣች። አፍራ ከስብሰባው ቀረች። ኣባዲና ተስፋልደት ብርቱካን ይዘው ቤቷ መጡ።

"ምነው፣ ምን ሆናችሁ መጣችሁ?" ስትል ኣባዲ "የታመመ ሰው ይጠየቃል ብለን ነዋ" አሏት። ስለ መጠጡ አንድም ነገር ሳያነሡ ተጨዋውተው ሄዱ። በቀጣዩ ቅዳሜ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች።

ኅዳር ላይ የሚካኤል ማኅበር ተራው የእነሱ ቤት ሆነ። ስዋውን፣ የትግራዩን ጠላ፣ የሚጠምቁት ለተገብርኤል፣ እንደ እናቷ "ኣደይ" ብላ የምትጠራቸው አማቷ ናቸው። ጋን ሙሉ ስዋ ቤቷ ውስጥ ሲፈላ ማደሩ የኔአለምን አስጨነቃት፤ እንዳትናገር ደግሞ ፈራች። ኣደይ ራሳቸው አነሡት።

"ዘንድሮ ስዋ የለም። ብርዝ ነው።"

"ኣደይ፣ ማኅበርተኛው ምን ይላል?"

"ሚካኤል ካልተቆጣኝ ሌላውን ምን አገባው!"

በዓሉ ደረሰ። አንድ ሁለት ሰው ስዋውን በዓይኑ ፈልጎ አጉረመረመ፤ ቄሱ ግን ብርዙን ባርከው ቀመሱና ድገሙኝ አሉ። የኔአለም ማሩን ከቆላ ድረስ ያስመጡት ኣደይ መሆናቸውን ያን ዕለት ነው የሰማችው። ጓዳ ገብታ ከኋላቸው አቀፈቻቸው።

"የቐንየለይ፣ ኣደይ" አለች፤ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። "እርስዎ ባይኖሩ…"

"በይ፣ በይ" አሉ አሮጊቷ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። "እንግዳ ባዶ ብርጭቆ ይዞ ቁጭ ብሏል። ሂጂ ቅጂ።"