ከደን የወጣች ምርኩዝ

ስለዚያ ቅዳሜ ከመጻፌ በፊት እኔ ማን እንደ ሆንሁ አንባቢ ይወቅ። ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር ዛፍ በማወቅ የሚስተካከለኝ ሰው የለም። ይህን የምለው እኔ ብቻ ብሆን ባልጻፍሁት፤ የማይወዱኝም ይመሰክራሉ። የተወለድሁት ሞጣ ዙሪያ፣ የኖርሁት ቢቸና ነው። የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣ ያለፈ ያገደመውን «ይቺ ማን ናት?» እያልሁ በመጠየቅ ነው። የጠየቅኋቸው ሁሉ ቆመው መለሱልኝ፤ አንድም ሰው አልሳቀብኝም፤ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ችግኝ ጣቢያ በዘበኝነት ተቀጥሬ በፎርማንነት ጡረታ ወጣሁ። ዲግሪ የያዙ የግብርና ባለሙያዎች ቅጠል በወረቀት ጠቅልለው ቤቴ ድረስ ይመጡ ነበር፤ ስሙን ሳልነግረው የሸኘሁት የለም።

ከቢቸና በታች፣ ከሱሃ ወንዝ ማዶ ባለው ከፍታ ላይ አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዙሪያውን የከበበውን ደን አባቶች በግዝት አስረውታል። ከውስጡ ደረቅ ጭራሮ እንኳ አይወጣም፤ የወደቀ ዛፍ እዚያው በወደቀበት አፈር ይሆናል። በዚህ ግዝት የተነሣ በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ ሲራቆት እሱ ቀረ። እነዚያን አባቶች የማላመሰግንበት ቀን የለም።

እንግዳ በእግሩ እየዞረ ደኑን ይይ ብዬ ሐሳብ ያቀረብሁት እኔ ነኝ። የደብሩ ሽማግሌዎች ስንት ጊዜ አመላልሰውኝ በመጨረሻ፣ «እንግዲያው አንተ ዋስ ሁን። አንዲት እንጨት ከወጣች ግን ደኑ ለእንግዳ ይዘጋል» አሉኝ። ዋስ ሆንሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰኞን ከሐሙስ የሚለይልኝ ይህ መንገደኛ መምራት ብቻ ነው። እሱ ከተዘጋ ግድግዳ ተደግፌ ፀሐይ መሞቅ ነበር የሚቀረኝ።

መስቀል ካለፈ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ከሞጣ በሚኒባስ ሰባት ሰዎች መጡ። መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ። አንዲት ነርስ ነበረች፣ አገሯ ወላይታ። ገና እግሯ መሬት ሳይነካ፣

«አባባ፣ የሚመራን ልጅዎ ነው?» አለችኝ።

«የሚመራሽ እኔ ነኝ። አባባም አይደለሁም፤ ጋሼ በይኝ።»

«እሺ፣ ጋሼ። ጉልበትዎ ግን ሲራመዱ ይንቋቋል።»

«መንገድ ሲያገኝ ይዘፍናል። ልማዱ ነው።»

ጤፉ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነበር፤ በድንበሩ ላይ አደይ አበባ ቀርታለች። በእርሻው መካከል ወርደን ወንዙን ደረስን። ውኃው ከክረምቱ ድፍርስ ጠርቶ ድንጋዮቹ ይቆጠሩ ነበር። በዶቅማ ጥላ ሥር አሳረፍኋቸውና በድንጋዮቹ ላይ አንድ በአንድ አሻገርኋቸው። የእነሱን እግር እያየሁ የራሴን ሳላይ ነው የተሻገርሁት፤ ካልሲዬ እንኳ አልራሰም።

ከሰባቱ አንዱ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ደኑ ውስጥ ስንገባ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቅጠል ፎቶ አነሣ።

«ጋሼ፣ ይቺ የዛፉን ስም ትነግረናለች።»

«ትንገርሃ።»

ስልኩ ፈለገ፣ ፈለገ፤ ኔትወርክ የለም። እኔ ቅጠሉን በእጄ አሽቼ አሸተትሁና «ጥቁር እንጨት» አልሁ። ነርሷ እየሳቀች፣ «መምህር፣ ያንተ ስልክ አፍንጫ የለውም» አለችው። ከዚያ በኋላ ስልኩን ኪሱ ከተተና ስሙን ሁሉ ከእኔ አፍ ይጽፍ ጀመር።

አንድ ዝግባ አለ። ሰባቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊያቅፉት ሞከሩ፤ አልሞላላቸውም፤ ስምንተኛ ሆኜ ገባሁና ዙሪያው ገጠመ። ጉንጫችን ቅርፊቱ ላይ ተለጥፎ፣ ከላይ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ሰማን። ከዚያ ሥሩ ላይ ወጥቼ ስለ ዕድሜው ሳስረዳ እግሬ ከዳኝ። ወደቅሁ፤ ጉልበቴ ተጣመመ።

ነርሷ ሻርፗን ፈታ አሰረችልኝ። ሕመሙ እንዳይታወቅብኝ ስለ ዝግባው ማስረዳቴን አላቋረጥሁም። በዚህ መሐል ከኋላዬ የሆነ እንጨት በእጄ አስጨበጠችኝ፤ ተደግፌው ተነሣሁ፤ ወሬዬንም ቀጠልሁ።

በደኑ በር እንግዶቼን ሁልጊዜ እፈትሻለሁ፤ ኪስ ይገለበጣል፣ ጫማ ይራገፋል። ደኑን የሚጠብቁት መነኩሴ ለጸሎት ገብተው ስለነበር ያን ቀን ይበልጥ ጠበቅሁ። በመምህሩ ሱሪ እጥፋት ውስጥ አንዲት የኮሶ ፍሬ አገኘሁና ገሠጽሁት። መልሶ ጣላት። ሁሉንም ከፈተሽሁ በኋላ ምርኩዜን ይዤ ቀድሜ ወጣሁ።

ግማሽ ሰዓት ወርደን ወንዙ ዳር ደረስን። ሰባቱም ድንጋዮቹን ተሻግረው ጨረሱ፤ መምህሩና ነርሷ ብቻ እኔን ሊደግፉ ተመለሱ።

«ጋሼ፣ ይህስ የያዙት ምን ዛፍ ነው?» አለኝ መምህሩ፣ ሊፈትነኝ።

በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ክብደቱን መዘንሁ። «ወይራ ነው» አልሁ፣ «ያውም ያረጀ፣ በጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ያደገ ወይራ። እንዲህ ያለው ከደኑ በቀር የትም...» ስል ቃሉ አፌ ላይ ቀረ።

ነርሷ ፊቴን አየች። «ምን ሆኑ?»

«ይህን እንጨት ከየት አመጣሽው?»

«ከዝግባው ሥር። ወድቆ ነው ያገኘሁት፤ አልሰበርሁም።»

ምን ታድርግ፣ ለእኔ አዝና ነው። የገረመኝ የራሴ ነገር ነው። የሰው ሱሪ እጥፋት የፈተሽሁ ሰው የገዛ እጄን አላየሁም።

«እዚሁ ወንዝ ውስጥ ይጣሉት» አለ መምህሩ። «ማን አየዎት?»

«እኔ አየሁ።»

«እኔ ልመልሰው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ነርሷ።

«ዋሱ እኔ ነኝ። አንቺን ብልክ ደግሞ ጥፋቱን በእንግዳ አላከከ እባላለሁ።»

አምስቱ ማዶ ዶቅማው ሥር እንዲጠብቁን ነግረን ዳገቱን እንደገና ጀመርነው። በምርኩዙ መደገፉን ግን እንቢ አልሁ፤ ካወቅሁ በኋላ አላገለግልበትም። ስለዚህ በነርሷ ትከሻ ተደገፍሁ፤ መምህሩ ምርኩዙን በሁለት እጁ እንደ ጧፍ ይዞ ከፊት ሄደ። በየመታጠፊያው እያረፍን ወጣን። «ደኑን ቢዘጉብዎትስ?» አለችኝ በመንገድ ላይ። «ይዘጋል» አልሁ። እሷም ትከሻዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘችልኝ።

መነኩሴው በሩ ላይ ቆመዋል። ልጅ ሳለን አብረን ከብት የጠበቅን ነን።

«ምነው ተመለስህ? ስሙን ሳትጠራው ያለፍኸው ዛፍ አለ?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ነርሷን ብቻ ሸፈንኋት። እሷ ግን «እኔ ነኝ ያነሣሁት፣ አባ» ብላ አጋለጠችኝ። መነኩሴው ምርኩዙን አዩ፣ ጉልበቴን አዩ።

«ዋሱ ማን ነበር?»

«እኔ።»

«ያወጣውስ?»

«እኔ።»

«ከሳሹስ?»

«እኔው ነኝ።»

«ለእኔ ምን ሥራ ተረፈኝ ታዲያ» አሉና ወደ ነርሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ካነሣሽበት አድርሰሽ አስቀምጫት።»

ሄዳ አስቀምጣ መጣች። እኔ አሁን «ተዘግቷል» የሚለውን ቃል እየጠበቅሁ ነው። መነኩሴው ግን «በምን ልትወርድ ነው?» አሉኝ።

«እንደ ወጣሁ፣ በሰው ትከሻ።»

የተደገፉበትን መቋሚያ ዘረጉልኝ። በጸሎት ሲቆሙ ዕድሜ ልክ የተደገፉበት፣ እጀታው በእጃቸው ወዝ የጠቆረ ነው።

«ይህ ከደኑ አይደለም፤ ከሞጣ ገበያ የገዛሁት ነው። በመጪው ቅዳሜ እንግዶችህን ይዘህ ስትመጣ ትመልስልኛለህ።»

«ሽማግሌዎቹስ?»

«ደኑ ለአንድ አንካሳ ምርኩዝ አውሶ፣ ሳይመሽ ተመለሰለት እላቸዋለሁ።»

እንግዶችህን ይዘህ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጉልበቴ ያመኛል ወይስ አያመኝም ብዬ አላሰብሁም። ስንሰነባበት ነርሷ ከሚኒባሱ መስኮት አንገቷን አውጥታ «ይማርዎት፣ አባባ» አለችኝ። አሜን አልሁ፤ አላረምኋትም።

እንግዲህ በዚያ ቀን የሠራሁትን ልቁጠር። ሰባት ሰዎች ወስጄ ሰባቱንም በደህና መለስሁ። ሠላሳ አንድ ዛፍ በስሙ ጠራሁ፤ አንዱንም አልሳትሁም። ስልክን በአፍንጫዬ ረታሁ። አንዱን ዳገት ሁለት ጊዜ ወጣሁ፣ ሁለተኛውን በተጣመመ ጉልበት። ከተገዘተ ደን እንጨት አወጣሁ፤ መለስሁም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ትከሻ ተደግፌ ሄድሁ። መቋሚያውን ቅዳሜ ለባለቤቱ አስረከብሁ፣ ዘጠኝ እንግዶች ከኋላዬ አስከትዬ።