ለኮከብ የወጣው ቃሬዛ

ሐሙስ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ከቤት ስወጣ ገና ጎህ አልቀደደም። የጋዜጣችን ሾፌር ጀማል ሞተሩን አስነስቶ እጁን እያፋተገ ይጠብቀኛል።

«ጋሼ፣ እውነት ለበራሪ ሳህን ብለን ነው አርሲ ድረስ የምንሄደው?»

«ለሰው ነው» አልኩት። ለማለዳ ትንሽ የከበደ መልስ መሆኑ ለራሴም ታወቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ከኢተያ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ የሚሠሩ ፖሊሶች አመሻሽ ላይ ሰማይ ላይ የሚነድ ነገር አዩ። ወሬው ስልክ ለስልክ ዞረ፤ «የሌላ ዓለም እንግዶች አርሲ አረፉ» ተባለ፤ ሰው ሳቀና ረሳ። ያየውን በፖሊስ መገናኛ ሬዲዮ ላሳወቀው ለሳጅን ለማ ግን ሳቁ አላባራለትም። ከአካባቢው ለመዛወር ማመልከቱን ስሰማ ነው የሞቀ አልጋዬን ጥዬ የተነሣሁት።

ሐሙስ ረፋድ፣ ኢተያ

ከአዳማ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፤ ሙቀቱም ወደ ኋላ ይቀራል። ግራና ቀኝ የደረሰ ስንዴ። ኮምባይነሮች ከመንገድ ዳር ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ የአህያ ጋሪ፣ ባዶ ማዳበሪያ የተሸከሙ ሴቶች፣ ስለ ኩንታል ዋጋ የሚጨቃጨቁ ደላሎች። ኢተያ ቁርስ ቤት ገብተን ጨጨብሳ አዘዝን። ቅቤው ሞልቶ ተርፏል፤ ማሩን ግን ባለቤቱ በዓይን መድኃኒት ማንጠብጠቢያ ያፈሰሰው ይመስላል።

ሳጅን ለማ ከባለቤቱ ከሰናይት ጋር መጣ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ ሰው ነው። ገና ቁጭ ከማለቱ ከጎን ጠረጴዛ አንዱ ጮኸ፦ «ሳጅን ኡርጂ! ዛሬስ ምን ወደቀ?» ኡርጂ በኦሮምኛ ኮከብ ማለት ነው። ቤቱ ሳቀ፤ ለማም አብሮ ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ግን የቀረበለትን አልነካም።

«ከባልደረባዬ ጋር ወደ ጣቢያ ስንመለስ ነው» አለኝ። «ድንገት ምድሩ ቀን ሆነ፤ የራሴን ጥላ አየሁት። እሳቱ አረንጓዴ ጭራ ነበረው፤ ድምፅ የሚባል የለውም። ከጭላሎ ተራራ ጀርባ ገባ። የሚነድ አውሮፕላን ነው አልኩ።»

«ቦታውን እንዴት አወቁት?»

«በእኛ ሥራ ቦታ የሌለው ሪፖርት ሪፖርት አይደለም። ‹የት?› ሲሉኝ ‹ጭላሎ ግርጌ› አልኩ። ዓይኔ የነገረኝ እዚያ ነበራ!»

አውሮፕላን ወደቀ የሚለው ወሬ ተራራው ሥር ያሉ መንደሮች ደረሰ። መኪና በማይገባበት አገር ታማሚን በቃሬዛ ተሸክሞ፣ ተራ በተራ ትከሻ ተቀባብሎ ሐኪም ቤት ማድረስ የጎረቤት ግዴታ ነው። ሰዉም አላቅማማም፤ ቃሬዛ፣ ብርድ ልብስና ውኃ ይዞ ወጣ። ሲያስስ አደረ፤ በማግሥቱም ዋለ። የተገኘው ቀደም ሲል ጠፍታ የነበረች አንዲት ጊደር ብቻ ናት።

«የመረቀኝ ባለ ጊደሩ ብቻ ነው» አለ ለማ። እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። «በቀደም ፍርድ ቤት ልመሰክር ቆምኩ። የተከሳሹ ጠበቃ ‹ይህ ለኮከብ ቃሬዛ ያስወጣ ሰው ነው› አለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፖሊስ ቃሉ ካልታመነ ምን ቀረው?»

ሰናይት አስተማሪ ናት፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም መዘምራን መካከል ታገለግላለች። «ተማሪዎቼ እዚህ ናቸው፤ ወገኖቼ እዚህ ናቸው። መሄድ አልፈልግም» አለችኝ። «ግን ቤት ውስጥም ዝም ብሏል። የዝውውሩ ጉዳይ ሰኞ ይወሰናል። እስከዚያ ሐሳቡን ካልለወጠ እንሄዳለን።»

ሐሙስ ከሰዓት፣ አሰላ

አሰላ በነፋሷ ተቀበለችኝ፤ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ በአንድ መንገድ ይጋፋሉ። የድሮ ወዳጄ ሂሩት የፊዚክስ መምህርት ናት። በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አቀረበችልኝና ገና ሳልጨርስ ታሪኩን አስወራችኝ።

«ትልቅ ተወርዋሪ ኮከብ ነው» አለች። «ከሰማይ የመጣ ድንጋይ አየሩን ሰንጥቆ ሲገባ ይቀጣጠላል። የሚያልፈው ከምታስበው በላይ ከፍ ብሎ ነው። ዓይን ደግሞ ሰማይ ላይ ርቀት መለካት አይችልም፤ ስለዚህ ያየ ሁሉ ‹እዚህች ጋ ወደቀ› ይላል።»

«ስለዚህ ሰውየው አልቃዠም?»

«ምን ያቃዠዋል? ቀለሙም፣ ዝምታውም ልክ ነው። የሳተው ቦታውን ብቻ ነው። ከሌላ ወገን ያየ ሰው ብታገኝ ደግሞ ማንም አይስቅበትም።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጮሌ በምትባለው የአርሲ ከተማ ያሉ የፖሊስ ምክትል ኢንስፔክተር ከድር የሚባሉ ሰው ስለ አረንጓዴ እሳት ምንነት ከዚያው የመጣ አንድ ተማሪዋን በምስጢር እንደጠየቁት ነገረችኝ።

ዓርብ፣ ወደ ጮሌ

አቧራ፣ ጉድጓድ፣ የገብስ ማሳ፤ እንደገና አቧራ። ጋቢ የተከናነቡ ፈረሰኞች በጎናችን እየሰገሩ ያልፋሉ፤ አንዱማ ቀድሞን ሄደና ጀማልን አናደደው። ወገቤ ከእኔ ጋር መሆኑን የማውቀው በሕመሙ ነው። ይባስ ብሎ ጎማችን ተነፈሰ።

ጎሚስታው ዘይት የጠጣ ቱታ የለበሰ ጎልማሳ ነው። የምንሄድበትን ጉዳይ ስነግረው ሥራውን አቆመ። «ያን እሳት እኮ እኔም አይቼዋለሁ! እዚያች ኮረብታ ጀርባ ነው የወደቀው» ብሎ ከጋራዡ በላይ ያለችውን ጉብታ አሳየን። «ለማንም አላወራሁም። አበደ እንዲሉኝ ነው?»

ጀማል ከኢተያ ጀምሮ በለማ ሲቀልድ ነበር። ወደ ጉብታዋ አየ፤ ወደ እኔም አየ። «ጋሼ፣ ሰውየውን በከንቱ ነው የሳቅንበት» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጮሌ

ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ምክትል ኢንስፔክተር ከድር ጢማቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ወንበር ሰጡኝና ጥያቄዬን ሰምተው «እኔ ምንም አላየሁም» አሉ።

አላፋጠጥኳቸውም። ስለ ለማ ብቻ ነገርኳቸው፦ ስለ ፍርድ ቤቱ ሳቅ፣ ስለ ዝውውሩ፣ ስለ ሰናይት።

«ሊሄድ ነው?»

«ሰኞ ይወሰናል።»

ኮፍያቸውን አንሥተው «ለሳጅኑ ደውልልኝ፤ ድምፁን ክፈተው» አሉና ወደ ግቢው ወጡ። ፖሊሶቹ ለጠዋት ሰልፍ ቆመዋል። ለማ ስልኩን ሲያነሣ፣ ከድር ከሰልፉ ፊት ቆመው ነበር።

«ልጆች፣ ያን ቀን በምዕራብ በኩል ያለፈውን አረንጓዴ እሳት እኔም አይቻለሁ። ከዚህ ጋራ ማዶ የወደቀ መስሎኝ ነበር። መሳቂያ እንዳልሆን ብዬ ደበቅሁ። ኢተያ ላይ አንድ ሳጅን እውነቱን ተናግሮ ብቻውን ሲሳቅበት እኔ ዝም አልኩ።»

ከኋላ አንዲት ኮንስታብል እጇን አወጣች። «ጌታዬ፣ እኔም አይቻለሁ።» ከአጠገቧ ያለውም አወጣ። ሌላም ተከተለ። እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ፤ ደስ የሚል ሳቅ ነበር።

ከድር ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ሳጅን ለማ፣ ፍርድ ቤትም፣ አለቆችህም ፊት መጥቼ ይህንኑ እናገራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። አንተ ያኔ ሬዲዮውን ስታነሣ ሰው ይስቅብኛል ብለህ አልፈራህም?»

«ፈርቼ ነበር፣ ጌታዬ» አለ ለማ። «ግን ውስጡ ሰው ቢኖርስ ብዬ ነው። ነገም እንዲያ ያለ እሳት ካየሁ እጣራለሁ።»

«ነገ ከሆነ ብቻህን አትጣራም» አሉ ከድር።

ለማ ሲያለቅስ ይሰማን ነበር። ስልኩን ሰናይት ተቀበለችው፤ ለእኛ ይሁን ለእሱ አላውቅም፣ «እንግዲህ አንሄድም! አንሄድም!» እያለች ትጮህ ነበር።