የቆርቆሮዎች የመጀመሪያዋ ወዳጅ

ይህን ነገር ነፍስ አባቴ እንኳ አያውቁትም። በየጾሙ ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ጾም መግደፉን ሁሉ ስዘረዝር፣ ይቺ አንዷ ጉሮሮዬ ላይ ስትደርስ መልሼ እውጣት ነበር። ባሌ ሳያውቃት ሞተ። ልጆቼም አያውቋትም። ከአንድ ሰው በቀር ማንም አልሰማትም፤ እሱም የሰማት በቅርቡ ነው። አሁን ደግሞ እናንተ ፊት ቀርቤያለሁ። አትፍቱኝ፣ ንስሐም አትስጡኝ፤ ስሙኝ ብቻ።

ስሜ ሰናይት ነው። ጉለሌ ተወልጄ ጉለሌ ያረጀሁ ሴት ነኝ። የሰፈሩ ሰው «የቆርቆሮዎች የመጀመሪያዋ ወዳጅ» ይለኛል፤ እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ ስሙን እንደ ማዕረግ ስሸከመው ኖሬያለሁ።

ቆርቆሮዎች እነማን ናቸው? በደርግ ጊዜ እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱ ኪነት ነበረው። ወጣቱ ይሰበሰባል፣ ስለ አብዮቱ ይዘፍናል፣ በበዓል ቀን ሰልፍ ያደምቃል። የእኛ ቀበሌ ኪነት ግን ሌላ ጉድ አወጣ፤ ኤርሚያስንና ደረጀን፣ ከነሁለት ጓደኞቻቸው። ከበሮ ስላልነበራቸው በርሜልና የዘይት ቆርቆሮ ይደበድባሉ፤ ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው። ደረጀ ጊታር ይዞ ይዘፍናል። ኤርሚያስ ከአንድ ከተወረሰ ቪላ ወደ ቀበሌው መጋዘን የገባች ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦርጋን አግኝቶ፣ ሆዷን ከፍቶ ጠግኗት፣ እሷን ይጫወታል። ድምጿ በር የተዘጋባት ድመት ነበር የሚመስለው። የኤርሚያስ አጎት ምሥራቅ ጀርመን ተምረው ሲመለሱ አንድ ካሴት አምጥተው ነበር፤ እንደ ስፌት መኪና እየተንደቀደቀ የሚሄድ የፈረንጅ ሙዚቃ። ልጆቹ እሱን ሰምተው አበዱ።

ከዚያ በኋላማ በፋብሪካ ቱታ ላይ ክራቫት ማሰር ጀመሩ። ትከሻ መነቅነቅ ቀረ። ደረጀ ምሰሶ እንደዋጠ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ዓይኑን ሳይሰብር ይዘፍናል። ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለማይመጣ አውቶብስ፣ ስለሚያፈስ ጣሪያ። «ፍየሏ ቱታዬን በላችው፣ ለአለቃዬ ማን ይንገርልኝ» የሚል ዘፈን ነበራቸው፤ ሲዘፈን አንዲት ፈገግታ እንኳ አይታይባቸውም። የግድ የሚዘፈነውን የአብዮት መዝሙር ሳይቀር በዚያው በስፌት መኪናቸው ይነዱት ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ይስቁ ወይ ይቆጡ ግራ ገብቷቸው ያጨበጭባሉ።

ትልልቆቹ «እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው?» አሉ። እኛ ክር ፋብሪካ የምንሠራ ሴቶች ግን ወደድናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ሲያደርጉ ከቀበሌው አዳራሽ ግንብ ሥር ተኮልኩለን እናዳምጣለን። ሰው ዘፋኝ ሲሸልም ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል፤ እኛ ብሩን ከየት እናምጣው? የከረሜላ ወረቀት በምራቅ እያራስን ግንባራቸው ላይ ለጠፍንላቸው። እነሱም ወረቀቱን ሳያነሱ፣ እንደዚያው ኮስተር ብለው ይዘፍናሉ። መጀመሪያ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስማቸውንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። በርሜሉን ከሜዳው እስከ አዳራሹ ያንከባለልኩት እኔ ነኝ። ኤርሚያስን ወደሽው ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። አላውቅም። የማውቀው፣ ቅዳሜ ባትኖር ኖሮ ያን የፋብሪካ ሳምንት የምገፋበት አቅም እንዳልነበረኝ ነው።

አሁን ወደ ክፋቴ ልምጣ።

የኤርሚያስ ቤተሰቦች ጴንጤዎች ነበሩ። የጸሎት ቤታቸው ስለተዘጋ እሑድ እሑድ በእናቱ በእትዬ አስቴር ሳሎን፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው ይጸልያሉ። ያን ጊዜ ይህ የሚያሳስር ነገር ነው። ከምእመናኑ ውጭ የምናውቀው ደረጀና እኔ ብቻ ነበርን። እኔ የማርያም ልጅ፣ የቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ምእመን ብሆንም ኤርሚያስ አንድ ቀን ይዞኝ ገባ። «ነይ፣ ሌላ ኦርጋን ላሰማሽ» አለኝ። በእግር የሚረገጥ አሮጌ ኦርጋን ነበር። ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ቀስ አድርጎ ሲጫወት፣ ሰዎቹ በሹክሹክታ ሲዘምሩ፣ አለቀስኩ። እትዬ አስቴር ጀርባዬን እየደባበሱ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። በላሁት። የማን ቤት ዳቦ እንደበላሁ እያወቅሁ ነው ኋላ ያደረግሁትን ያደረግሁት።

ከመሐል ከተማ የአንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ሰዎች መጡና ኤርሚያስንና ደረጀን መረጧቸው። ሙሉ ልብስ፣ ደመወዝ፣ ከኋላ የሚያጅብ ጥሩምባ። ጓደኞቼ አዘኑ፤ ግን መርቀው ሊሸኟቸው ተዘጋጁ። እኔ አልመረቅሁም። እዚያ ስለ ፍየል እንደማይዘፈን ገባኝ። ገና ማንም ሳያውቃቸው ያወቅኋቸው እኔ፣ ሰው ሲስቅባቸው ያጨበጨብኩ እኔ፣ አሁን ሱፍ ለባሽ ሊወስዳቸው ነው ብዬ ተንገበገብኩ። ይህ ፍቅር ነበር? ዶሮ የሚወድም ሰው እኮ ቆልፎባት ያድራል።

ለመሄድ የቀበሌ ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል። የኪነቱ ኃላፊ ለልጆቹ ቅርብ የሆንነውን አንድ በአንድ እያስጠራ ጠየቀን። የእኔ ተራ ሲደርስ ቢሮው ውስጥ ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ጓዲት ሰናይት፣ አንቺ ከልጆቹ አትለይም» አለኝ። «ድጋፍ ልንጽፍላቸው ነው። እንከን አለባቸው?»

«የለባቸውም» ብዬ መውጣት ነበረብኝ። በሩ ከኋላዬ ክፍት ነበር። ማንም አላስፈራራኝም፣ ማንም አልደለለኝም። ይህን የምላችሁ «ጊዜው ክፉ ነበር» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። ጊዜውማ ክፉ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከጊዜው ብሼ የተገኘሁት እኔ ነኝ።

«ኤርሚያስ ጴንጤ ነው» አልኩ። «እናቱ ቤት እሑድ እሑድ ሲጸልዩ ኦርጋን የሚጫወተው እሱ ነው።»

ኃላፊው ቀና ብሎ አየኝና «ጥሩ» አለ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

ምን አስቤ ነው? ሞኝነቴን ስሙት። ድጋፉን ይከለክሉታል፣ ኤርሚያስ ይቀራል፣ ደረጀ ያለ እሱ አይሄድም፣ ቅዳሜያችን ትቀጥላለች። በቃ፣ ይኸው ነው ያሰብኩት። ሰው ካርቶን ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ይመስል! ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ግን ቃሌ ከአፌ ወጥቶ በፈለግሁበት ቦታ የሚቆም መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ የእትዬ አስቴር ቤት ተከበበ። ጸሎት ላይ የነበሩት ሁሉ ተወሰዱ። አሮጌው ኦርጋን ጭቃው ላይ ተወርውሮ ሳየው ከሰው መሐል ቆሜ ነበር። እትዬ አስቴር ቶሎ ተለቀቁ፤ ኤርሚያስ ግን ክረምቱን በሙሉ ታስሮ ወጣ። ከኪነቱም ተባረረ። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲመለመል ቀበሌው የኪነት ልጆችን ይተዋቸው ነበር፤ ያ ከለላው ነበር፤ እኔ ገፈፍኩት። ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተላከ። ቆርቆሮዎች በዚያው ቀሩ።

ደረጀ እንዳሰብኩት አልቀረም፤ ብቻውን ወደ ኦርኬስትራው ሄደ። ሰፈሩም ወዲያው ፈረደ። ምስጢሩን የሚያውቅ ማን ነበር? ደረጀ። የተጠቀመ ማን ነው? ደረጀ። እኔን ማንም አልጠረጠረኝም። በርሜል እያንከባለለች የምትከተላቸው ሴት እንዴት ትጠረጠራለች?

እትዬ አስቴርን ልጠይቃቸው ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ፤ ዳቦ ገዝቼ። እጄን ይዘው «ሰናይትዬ፣ አንቺ ልጄን ትወጂዋለሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ደረጀ ነው አይደል?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ እትዬ» አልኩ።

«እኔ እንጃ!» ያን ቀን፣ እዚያ ሳሎን ውስጥ፣ «አዎ» ማለት ነበር። እኔም ሳልናገረው በፊት አውቄዋለሁ። የመጀመሪያውን በቅናትና በሞኝነት አደረግሁት፤ ይህንን ያደረግሁት ግን ነቅቼ፣ መዝኜ፣ ራሴን ለማዳን ነው። እትዬ አስቴር ያን ጥርጣሬ ይዘው ወደ መቃብር ወረዱ።

ደረጀም መጣ። ከፋብሪካው በር ላይ ጠብቆኝ «ሰናይት፣ ሰላምታ የሚሰጠኝ ሰው አጣሁ» አለኝ። «አንቺ ታውቂኛለሽ። እኔ ኤርሚያስን እንዲህ አደርገዋለሁ? እባክሽ አንቺ ብትናገሪ ይሰሙሻል።» ዓይኑ አብጦ ነበር። እኔ ምን አልኩት? «ተወው፣ ጊዜ ይፈታዋል» አልኩት። ብዙም ሳይቆይ ኦርኬስትራውን ትቶ ናዝሬት ገባ። ወፍጮ ቤት ይሠራል መባሉን ሰማሁ። ጊታሩን ሸጦታል አሉ።

ደርግ ሲወድቅ ኤርሚያስ ተመለሰ። የግራ እጁ ጣቶች አይታጠፉም። ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ሬድዮና ቴፕ የሚጠግንባት ትንሽ ሱቅ ከፈተ፤ አሁን ሞባይል ይጠግናል። በመንገድ ስንገናኝ ከሱቁ ወጥቶ አቅፎ ይስመኛል። የደረጀን ስም ግን አይጠራም፤ ሌላ ሰው ሲጠራውም ተነስቶ ይሄዳል። እኔ በሁለቱ መካከል እንደ ግንብ ቆሜ ልጆች ወለድኩ፣ ልጆች ዳርኩ።

ዘንድሮ የሰፈሩ ወጣቶች አንድ አሮጌ ካሴት አገኙ። ያኔ በአዳራሹ በቴፕ የተቀዳ ነው፤ ከዘፈኑ እኩል የእኛ ሳቅ ይሰማል። ልጆቹ ወደዱት። በየስልካቸው ተቀባበሉት፤ ክራቫት በቱታ ላይ ማሰር ጀመሩ። በመጨረሻ የቆርቆሮዎችን የመጀመሪያ ዓመታት የሚያስታውስ ዝግጅት አደረጉና ተናጋሪ አድርገው ጠሩኝ። ሄድኩ። ስለ ፍየሏ አወራሁ፣ ስለ ከረሜላው ወረቀት አወራሁ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያን ሁሉ ፍቅር ሳይ ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ደስ አለኝ!

አንድ ወጣት ተነስቶ «የመጀመሪያ ዓመታቸውን ብቻ ነው የምንሰማው፤ የኋለኛው ሥራቸው የት አለ?» አለ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ከኋላ አንዱ «ደረጀ ይሁዳን ጠይቁት!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ። እኔም ማይክሮፎኑን እንደያዝኩ ፈገግ አልኩ።

ስንበተን አንዲት ሴት ተከተለችኝ። የደረጀ ልጅ ነበረች፤ ካሴቱን ሰምታ፣ አባቷ ዘፋኝ መሆኑን ከሰው ሰምታ፣ ከናዝሬት የመጣች። አላለቀሰችም። «አባቴ ቤት ውስጥ ሙዚቃ አያስከፍትም» አለችኝ። «ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ። እርስዎ ከሁሉ በላይ ያውቋቸዋል አሉኝ። እውነት ያጋለጠው አባቴ ነው?»

«የኔ ልጅ፣ ያለፈ ነገር ነው» አልኳት።

ከዚያ የአባቷን ስልክ ቁጥር በስልኬ ላይ አስገባችልኝ። «አንድ ቀን ቢደውሉለት ደስ ይለዋል። ከጉለሌ የሚደውልለት ሰው የለም» ብላኝ ሄደች።

ከዚያ በኋላ እህል አልበላ አለኝ። ዘመኔን ሙሉ ሆድ ይፍጀው ያልኩት ነገር ሆዴን ፈጀው። ለነፍስ አባቴ ልናገር አሰብኩና ተውኩት፤ እሳቸው ይቅር ሊሉኝ ይችላሉ፣ የደረጀን ስም ግን ሊመልሱ አይችሉም። ኤርሚያስ ሱቅ ሄድኩ። እንደ ልማዱ ሊስመኝ ተነሳ። «አትሳመኝ» አልኩት። «የተናገርኩብህ እኔ ነኝ። ደረጀ አይደለም። እንዳትሄድብን ብዬ ነው፤ ይህ ግን ምክንያት አይሆነኝም። እናትህም ሲጠይቁኝ ደብቄያቸዋለሁ።»

የያዘውን መፍቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ይመታኛል ብዬ ቆምኩ፣ ይሰድበኛል ብዬ ቆምኩ፤ ሁለቱም ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እሱ ስለ እስሩ አልጠየቀኝም፣ ስለ እጁ አልጠየቀኝም።

«የደረጀ ስልክ አለሽ?» አለኝ።

ስልኬን ሰጠሁት። በቀኝ እጁ ቁጥሩን እየነካ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ይቅር በለኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። እጁን አንስቶ ዝም አሰኘኝ። በናዝሬት በኩል ስልኩ ተነስቶ ነበር።