በልጃቸው ላይ የመሰከሩት ሲስተር የሺመቤት

ሲስተር የሺመቤት ኃይሉ አርፈዋል። ዕድሜ ልካቸውን በነርስነት ባገለገሉባት በጎባ፣ በልብ ሕመም ብዙ ተሠቃይተው፣ ባለፈው ወር በአንድ ብርዳም ጠዋት ከዚህ ዓለም ተለዩ። መርዶው ሮቤ፣ አጋርፋና ዲንሾ የደረሰው ገና ፀሐይዋ ሳትሞቅ ነው። ቀብራቸው ላይ መገኘት ላልቻላችሁ፣ ከሥልጠና አዳራሽ ውጭ ለማታውቋቸውም ይህን የምጽፈው እኔ ለሊሴ ነኝ። ሮቤ ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ የአንድያ ልጃቸው የዳንኤል ሚስት ነበርኩ። ስለ ሲስተር ደግነት ብዙ ሰው ተናግሯል፤ እውነት ነው። እኔ የምናገረው ግን ደም አለበት። ደሙን ትቼ እሳቸውን ማስታወስ አልችልም።

ሲስተር ተወልደው ያደጉት ጎባ ነው። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ይችሉ ነበር፤ ሲቆጡ በአማርኛ፣ ሲያባብሉ በኦሮምኛ። ወጣት ነርስ ሳሉ ከዲንሾ ወዲያ ካለ መንደር ፋጡማ የምትባል ሴት ክንዷና የጎን አጥንቷ ተሰብሮ መጣች። ባሏ በመጥረቢያ እጀታ ቀጥቅጧት ነበር። አጥንቷ ገና ሳይገጥም ሽማግሌዎች መጥተው «ታርቀዋል» ብለው ከአልጋዋ አስነሥተው ወሰዷት። ክረምቱ ሳይወጣ በቃሬዛ ተመለሰች። በዚያኛው ጊዜ የመታት በእጀታው ሳይሆን በስለቱ ነበር። ሲስተር አንገቷ ላይ ጨርቅ ይዘው ደሙን ሊያቆሙ ሲታገሉ እጃቸው ላይ ሞተች።

«ያችን ልጅ ባሏ ብቻውን አልገደላትም» ይሉ ነበር። «እኛ አክመን ሰጠነው፣ ሽማግሌ አስታርቆ ሰጠው፣ ፖሊስም የቤት ጉዳይ ነው ብሎ ሰጠው።»

ከዚያ ወዲህ ነው ነርሶችን፣ ፖሊሶችን፣ ዐቃቤ ሕጎችን፣ ቄሶችን፣ ሼኮችን፣ የአገር ሽማግሌዎችንና የዕድር ሴቶችን እየሰበሰቡ ማስተማር የጀመሩት። እንደተጋባን ሰሞን ሮቤ ወደሚሰጡት ሥልጠና «ነይና እዪ» ብለው ወሰዱኝ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ሲስተር ከአዳራሹ ወጡና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ተመልሰው ገቡ። ፊት ለፊት በተቀመጠው ወጣት ኮንስታብል አጠገብ ቆሙ።

«ባሌ መታኝ» አሉት።

ኮንስታብሉ ተደናገጠ። «ምን አድርገሽው ነው?» አለ።

ሲስተር ነጠላውን ገለጡ። «ይኸውልህ ልጄ፣ አሁን ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ነገ የምትመጣው ሬሳዬን ለማንሣት ነው። እንደገና።»

ወጡ፤ ገቡ። ኮንስታብሉ ተሳሳተ፤ እንደገና ወጡ። በመጨረሻ ልጁ ወንበሩን ለቀቀላቸውና ላቡን እየጠረገ «ቁጭ በዪ እናቴ፣ እዚህ ማንም አይነካሽም» አላቸው። ያን ጊዜ ነው ሥልጠናውን የጀመሩት።

ነርሶቹን ደግሞ እንዲህ አሏቸው፦ «በእኛ አገር ሴቱም ፈረስ ይጋልባል፤ ስለዚህ የተመታች ሁሉ ከፈረስ ወደቅኩ ትላችኋለች። ፈረስ ግን አንገት አያንቅም። የጣት ምልክት እያያችሁ ፈረስ ብላችሁ አትጻፉ። ባልየውን ካርድ አውጣ ብላችሁ ላኩትና እሷን ለብቻዋ አናግሯት።»

አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በረጅሙ የሹራብ እጅጌዬ ውስጥ ክንዴ ከትከሻ እስከ ክርን ጠቁሮ ነበር።

ዳንኤል የኮምባይነር ኦፕሬተር ነበር። የስንዴ አጨዳ ሲደርስ ከእርሻ እርሻ ይዞራል፤ አጨዳው ሲያልቅ ቤት ይገባል። እኔ የምፈራው መግባቱን ነበር። ሰው ፊት ለስላሳ ነው። መጀመሪያ በጥፊ፣ ቀጥሎ በጫማ፣ ኋላ ደግሞ አንገቴን ይዞ ዓይኔ እስኪጨልም ድረስ ማነቅ ለመደ። ሰውነቴ ሲበልዝ ጎባ እንዳልሄድ ይከለክለኝና ለእናቱ «ፈተና እያረመች ነው» ይላቸዋል። «ሂጂ ንገሪያት» ይለኝ ነበር። «አገር የምታስተምረው የሺመቤት ልጇን ማሳደግ አቃታት ይበላት ሕዝቡ። ያን ጊዜ ማን ይሰማታል?» ከዱላው ይልቅ አፌን የዘጋው ይህ ነገር ነው። የእሳቸውን ስም ቀብሬ ራሴን ማዳን አልፈለግኩም።

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ ከትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ጋር በስልክ ስናገር ሰማኝ። የግቢውን በር ከውስጥ ቆለፈ። የኮምባይነር ቺንጋ ቤት ውስጥ ነበረው፤ ወፍራም የጎማ ቀበቶ ነው። በእሱ ገረፈኝ። ጀርባዬ ሲተለተል ቀሚሴ ከሥጋዬ ጋር ተጣበቀ። ልሸሽ ስል በትልቁ የብሎን መፍቻ መንጋጋዬን መታኝ፤ አጥንቴ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። በአልጋውና በግድግዳው መሐል ወደቅኩ። ጥርሴ ከደም ጋር እጄ ላይ ወጣ።

ያን ጊዜ የቆርቆሮው በር ሲደበደብ ሰማሁ።

«ዳንኤል፣ ክፈት!» እማ ነበሩ። እኔ ሲስተርን እማ ነበር የምላቸው። ገበያ መጥተው ሊያዩን ጎራ ብለው ነው።

«ሂጂ እማዬ! የራሴ ቤት ነው!»

ጎረቤታችንን በያጁን ጀማልን ሲጣሩ ሰማሁ። ጀማል በመዶሻ ቁልፉን ሰብሮ በሩን ከፈተ፤ እማ ግን ቀድመውት ገቡ። ዳንኤል መፍቻውን እንደገና አንሥቶብኝ ነበር። በመሐላችን ገቡና ክንዳቸውን ዘረጉ። ምቱ እሳቸው ላይ አረፈ። ክንዳቸው ከክርኑ በታች ታጥፎ ተንጠለጠለ። ልጃቸው ክንዱን አየ፤ ማንን እንደመታ አወቀ። ከዚህ በኋላ ያቆማል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አላቆመም። እጁን በድጋሚ ሲያነሣ ጀማል ከኋላው አንቆ መሬት ላይ ጣለው፤ ሌሎች ጎረቤቶች ደርሰው ያዙት። እየተራገመ፣ እየተናከሰ፣ ፖሊስ እስኪመጣ ተጭነውት ቆዩ።

እማ በደህና እጃቸው አልጋውን ገፍተው አጠገቤ ተንበረከኩ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ልጃቸው ከኋላቸው እየጮኸ ነው፤ ዞረው አላዩትም።

«ለሊሴ፣ እኔ ነኝ። አልሄድም። ያጠፋሽው ነገር የለም» አሉኝ።

ምን ተፈጠረ አላሉኝም። ለምን አልነገርሽኝም አላሉኝም። መንጋጋዬ ተሰብሮ መናገር እንደማልችል አይተዋል።

ሆስፒታል ተረኛዋ ነርስ ትዕግስት የእሳቸው ተማሪ ነበረች። ሁለታችንንም አየችን። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ «ሲስተር፣ ልጅዎ ነው እኮ። ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች።

«ያየሽውን ጻፊ። ሳስተምርሽ የሰውን ልጅ ብቻ አላልኩሽም። መጀመሪያ የእሷን፤ የእኔ ክንድ ይቆያል።»

ሲስተርን የምታውቁ ሁሉ ጥንካሬያቸውን ታወራላችሁ። እኔ ግን ያን ቀን ትዕግስት መጋረጃውን ስትስበው እማ ግድግዳውን ይዘው ሲያስታውኩ አይቻለሁ።

ከሆስፒታል ስወጣ ጎባ ወስደው ቤታቸው አስቀመጡኝ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች መጡ። የሚመሯቸው ኦቦ ከድር ነበሩ፤ በሲስተር ሥልጠና ላይ ስንት ጊዜ የተቀመጡ፣ በአካባቢው የተከበሩ አዛውንት። እማ በጄሶ የታሰረ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተቀበሏቸው። እኔ አፌ በሽቦ ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ሲስተር» አሉ ኦቦ ከድር፣ «ያለዎት አንድ ልጅ ነው። ደም ነው። እንኳን እናት ጎረቤትም ይጨነቃል። ክሱን ይተዉትና በእኛ እርቅ ይለቅ።»

«ኦቦ ከድር፣ አዳራሹ ውስጥ የተስማማነው ምን ነበር?»

አዛውንቱ አቀረቀሩ። «የተመታችን ሴት ወደተመታችበት ቤት አንመልስም ብለን ነበር።»

«እና ለሊሴ ሴት አይደለችም?»

ኦቦ ከድር ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ወደ በሩ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ወደ እኔ መጡ። ያበጠ ፊቴን አዩት። ከዚያ «ዺፈማ፣ ኢንተለ ቲያ» አሉኝ፤ ይቅር በይኝ ልጄ ማለታቸው ነው። ሽማግሌዎቹን ይዘው ወጡ፤ ለዚያ ጉዳይ ዳግመኛ አልመጡም።

የእማ ዘመዶች ግን እንዲህ አልሆኑም። የገዛ ወንድማቸው በር ላይ ቆመው «ልጇን የበላች» ብለው ሰደቧቸው። ጣሪያችን በድንጋይ ተደበደበ፤ አንዱ ድንጋይ መስኮት ሰብሮ እማ ግንባር ላይ አረፈ። ደሙን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው መስኮቱን በካርቶን ሲደፍኑ አስታውሳለሁ። «ድንጋዩን የወረወሩት ዳንኤልን ስለወደዱት አይደለም» አሉኝ። «ነገ የእነሱ እናት እንደኔ እንዳታደርግ ፈርተው ነው።»

ፍርድ ቤት ቀርበው ያዩትን ሁሉ ተናገሩ። አንድም ቃል አልጨመሩም፤ አንድም ቃል አላስቀሩም። ምስክርነታቸውን ጨርሰው ሲወርዱ ዳንኤል ከተከሳሽ ቦታ ሆኖ «እኔ እናት የለኝም፣ እናቴ ሞታለች» አለ። እማ ቆሙ። ከዚያ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

ተፈረደበት፤ ታሰረ። እማ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምግብ ቋጥረው ማረሚያ ቤት ይሄዱ ነበር። እሱ ይመልሰዋል። ደግመው ይወስዳሉ። አንድ ቀን የተመለሰውን ምግብ ሲፈቱ አፈር ተበትኖበት አገኙት። ሳህኑን አጠቡ፤ በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ሳህን ወሰዱ። እንዴት እንደሚችሉት ብጠይቃቸው «ልጄ ነው፤ ይብላ። ያደረገውም የእሱ ነው፤ ይታሰርበት። ሁለቱ አይጣሉብኝም» አሉኝ።

ሥልጠናቸውንም አላቆሙም። ክንዳቸው ተጣምሞ ነው የገጠመው፤ ከዚያ ወዲህ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ቀና አይልላቸውም ነበር። አጋርፋ ላይ አንድ የዕድር ሰብሳቢ «በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ሲሉ ያንን ክንድ አሳዩዋቸው። «በእኔም ቤት የለም ብዬ ነበር። ምልክቱን ለአገር የማስተምር እኔ፣ ምራቴ በሙቀት ሹራብ ለብሳ ከጎኔ ስትቀመጥ አላየሁም። እርስዎ እንዴት አወቁ?» አሏቸው። በዕረፍት ሰዓት የዚያው ሰፈር የሆነች አንዲት ሴት ከኩሽናው በስተጀርባ እማን ጠብቃ ሻሿን ፈታች። የራስ ቅሏ ላይ በቆንጨራ የተመታችበት ቁስል ገና አልደረቀም ነበር። እዚያው ሥልጠና ላይ የነበረች ፖሊስ አብራት ሄደች። ባልየው ተያዘ።

ዳንኤል ተፈትቶ ሲወጣ እማ አልጋ ላይ ነበሩ። ሊያያቸው መጣ። እኔ ቀድሜ እንድወጣ አደረጉ፤ ደጁ ላይም ጀማልን ከሮቤ አስጠርተው አስቀመጡ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ጀማል የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔ ዘንድ ና። ወደ እሷ በር ግን እግርህ እንዳይደርስ።»

ቀብራቸው ዕለት ፖሊሶችና ነርሶች አስከሬናቸውን እየተቀባበሉ ተሸከሙ። ከዲንሾ በኩል የመጡ ሴቶች ፈረሶቻቸውን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ አሥረዋል፤ ሙስሊም ለቀስተኞችም በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ፍትሐቱ አልቆ ከደጁ ስንወጣ ዳንኤልን በሕዝቡ መሐል አየሁት። ወደ እኔ አቅጣጫ እየመጣ ነበር። እጁ ባዶ ነው። ምናልባት ሊያለቅስ፣ ምናልባት ይቅርታ ሊል ይሆናል። እኔ ግን እጄን መንጋጋዬ ላይ አድርጌ ወደኋላ አፈገፈግኩ።

እንደፈራሁ ለማንም አልነገርኩም። ትዕግስት መጥታ በግራዬ ቆመች። ያቺ የአጋርፋዋ ሴት ከፊቴ ቆመች። የዲንሾ ሴቶች ለቅሷቸውን ሳያቋርጡ መጡና ዙሪያዬን ከበቡኝ፤ ኦቦ ከድርም ዱላቸውን አግድመው ከፊት ሆኑ። አንድም ሰው አልገፋውም፤ አንድም ሰው አልሰደበውም። ዳንኤል ያንን ሁሉ ሰው አየና ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ዞሮ ሄደ።

እማ፣ ቀሪውን ለእርስዎ ነው የምናገረው። አፈርዎ ገና እርጥብ ሳለ ሰዎች እየመጡ ልጅዎን ይቅር ብዬው እንደሆነ ይጠይቁኛል። ለእርስዎ ነፍስ ስል ይቅር እንድለው የሚለምኑኝም አሉ። መልስ የለኝም፤ ሲኖረኝ ይኖረኛል። እርስዎ በአንድ ቤት ስንኖር፣ ከአንድ ሳህን ስንበላ፣ የእሱን ምግብ ስንቋጥር፣ በሕመምዎም ጊዜ እጅዎን ይዤ ሳድር፣ ያንን ጥያቄ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። የእሱ እናት ሆነው ሳለ አልጠየቁኝም። ስለዚያ አመሰግንዎታለሁ። በሰላም ይረፉ፣ እማ።