ለሹፌሩ የገዛኋት ሲጋራ

ባለፈው ሰሞን ትንፋሽ አጥሮኝ ልጆቼ በሚኒባስ ወልድያ አደረሱኝ፤ ድንገተኛ ክፍል ተኛሁ። ጎኔ ያለው ጎልማሳ ግሉኮሱን አንጠልጥሎ ወጥቶ ሲመለስ ሽታው ቀድሞት ገባ። ነርሷ "አጭሰሃል!" ብትለው፣ "ኧረ በማርያም! አጠገቤ የቆመ ሰው ነው" አለ። ሳቄም ሳሌም አብረው መጡ።

የዱሮ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው፤ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቤታችን ከመርሳ ወጣ ብሎ መኪና መንገድ ዳር ነው። እሸቱን እየጠበስን የከረምንበት ማሽላ ታጭዶ ተከምሯል። አንድ የመርሳ ሹፌር ከጭነት መኪናው መስኮት ሲጋራ ሲወረውር ከደጅ ሆኜ አየሁት። ነፋስ ነበር። የዓመት ቀለባችን ሳይወቃ ነደደ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ያኔ ለክርስቲያን ትምባሆ ነውር ነውና ሹፌሩ የሚያጨሰው ተደብቆ ነበር። መስቀል ጨብጦ፣ "እንኳን ልጥል፣ ሲጋራ አፌ ነክቶት አያውቅም!" ብሎ ማለ። እኔን "ልጅ ናት" ብለው ለምስክርነት አላቀረቡኝም። የማለ ሰው ነጻ ነው። አባቴ በስተርጅና የሰው ብርቱካን ውሃ ሊያጠጣ ተቀጠረ። እኔ ቂሜን ይዤ ተቀመጥሁ።

ጥር ላይ የሹፌሩ መኪና ሲሪንቃ ተገልብጦ እግሩ ተሰበረ። ባላጋራም ቢሆን የታመመ ይጠየቃል፤ አባቴና እነዚያው ሽማግሌዎች ወልድያ ሆስፒታል ሄዱ። እኔም ዳቦና ብርቱካን ተሸክሜ ተከተልሁ። ዘበኛው በሽተኛው ተኝቷል ብሎ እነሱን በር ላይ ሲያቆም፣ ስንቁን አስቀምጪ ብሎ እኔን አሳለፈኝ።

ሹፌሩ ማን እንደሆንሁ አላወቀም። "እህቴ፣ አንዲት ሲጋራ ፈልጊልኝ፤ ልሞት ነው" አለኝ።

"ሐኪሙ አይቆጣም?"

"አላጨስም ብዬዋለሁ።"

ከደጅ ካለው ሱቅ ገዛሁለት። ክብሪቱንም እኔው ጫርሁለት። ከዚያ ወደ በሩ ሮጥሁ፤ "አባቶቼ፣ ግቡ! ነቅቷል!"

ሲገቡ ጭሱ ገና ከአፍንጫው ይወጣል። ትልቁ ሽማግሌ አየት አደረጉትና፣ "የማልህባት አፍ ይህች ናት?" አሉት። ሲጋራዋን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሊሸሽግ ብሎ ጭኑን አቃጠለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ማሽላችንን ከፈለ። አባቴ ግን፣ "ልጄ፣ አልጋ ላይ የወደቀን ሰው?" ብሎ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ።

ትንፋሽ ሲያጥር ሰው ኃጢአቱን ያስባል። ይህችን ግን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው አላውቅም። የዚያ ሰው ፊት ትዝ ሲለኝ ዛሬም አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ብነግራቸው "ተጸጽተሻል?" ይሉኛል። አዎ ካልሁ፣ መስቀል ሥር ዋሸሁ፤ ታዲያ ከዚያ ሹፌር በምን ተሻልሁ?