ተወኝን ቤት የዘጋሁበት ሰሞን

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ቡሬ አድሬ ነበር። ጠዋት ማስታወሻ ደብተሬን ሳልገልጥ የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ ኮሪደሩ ላይ የነበረ ጀሪካን በእግሯ ገፋ አደረገችው። ጀሪካኑ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። ውስጡ የቀረ ነገር ነበረ መሰለኝ ተንኳኳ። ሌላ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ተነሥቼ የክፍሌን መቀርቀሪያ በእጄ ዳስሼ አረጋገጥሁ።

ብዙ ዓመት በዘገባ ሥራ ቆይቻለሁ። ከዚያ የከፋ ድምፅ እየሰማሁ ሳላቋርጥ ጽፌያለሁ። እንዲህ ያለ ጀሪካን ሲንኳኳ ስሰማ ግን ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ፍኖተ ሰላም እናትና አባቴ ቤት ነኝ፤ በሩ ተዘግቷል፤ ውጭ መንገዱ ላይ ሥጋ እየተበተነ ነው።

ውሻችን ስሙ ተወኝ ነበር። በእኛ አገር የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው ሳይሆን ለጎረቤት ነው። ሰው ፊት ለፊት የማይናገረውን ውሻውን እየጠራ ይናገራል። አባቴ ከአጥራችን ማዶ ካሉት ሽማግሌ ጋር በአንድ ባሕር ዛፍ ምክንያት ተኳርፎ ነበር። ዛፉ የእሳቸው ነው፤ ቅርንጫፉ የሚወድቀው የእኛ ቆርቆሮ ላይ ነው። ከማንኩሳ ገጠር፣ ከአጎቴ ከብቶች ኋላ ሲሮጥ የከረመውን ጎረምሳ ውሻ ባመጣ ጊዜ፣ ስሙን ለማውጣት አንድ ሌሊት እንኳ አልፈጀበትም። ከብት መግቢያ ሰዓት ላይ አጥሩ ሥር ይቆምና «ተወኝ! ኧረ ተወኝ! ና ግባ!» ይላል።

ሽማግሌው ሳምንት ያህል ቆዩ። ከዚያ ለፋሲካ የሚቀልቡት ሙክት ገዙና እሳቸውም አጥሩ ሥር ቆሙ። «አልተውህም! አልተውህም! ወዲህ ግባ!» ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። አባቴም ጀርባውን ሰጥቶ ሲስቅ አይቼዋለሁ። ሰላምታ ግን አልነበረም።

ስሙ አንድ ጣጣ ነበረው። እኛ ውሻን ከጥፋት የምንከለክለው «ተው!» ብለን ነው። ተወኝ ደግሞ «ተው» ያለው ሁሉ የጠራው ይመስለዋል። ዶሮ ሲያባርር «ተው!» ስንለው ዶሮዋን ትቶ እየዘለለ ደረታችን ላይ ይወጣል። «ተው! ተው!» ብለን ስንገፋው ይብስበታል። ስለዚህ አንድም ነገር ልንከለክለው አንችልም ነበር።

ዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ አንድ ያበደ ውሻ ሰው ነከሰ ተባለ። ቅዳሜ ዕለት ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በሰፈራችን አለፈ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ መድኃኒት ስለሚበተን ውሻ ያለው ሰው ዘግቶ ያስቀምጥ፣ ውጭ ለተገኘ ውሻ ኃላፊነት አንወስድም አለ። «መድኃኒት» ነው ያለው። መርዝ የሚለውን ቃል ማንም አላወጣውም። ጾም ስለነበር ሥጋ ቤቶቹ ተዘግተው ውሾቹ አጥንት ካዩ ሰንብተዋል። መንገድ ላይ የወደቀ ሥጋ የሚያልፍ ውሻ አይኖርም።

አባቴ ለወገቡ ግሽ ዓባይ ጠበል ወርዶ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሊቆይ። እናቴ በአንድ ሆቴል ወጥ ትሠራለች። እሑድ ማታ ውሻውን ደጅ ላይ በገመድ አሰርነው፤ ገመዱን በጥርሱ በጠሰው። በሽቦ አሰርነው፤ አጥሩን ዘሎ ከወዲያ ማዶ ተንጠልጥሎ ትንፋሹ ሊቆረጥ ሲል ደረስንበት። እናቴ ሽቦውን እየፈታች ስታለቅስ አየሁ። ከዚያ ተነሥታ የጸሎት መጽሐፏንና ሥዕሎቹን በነጠላ ሸፈነችና በሩን ከፈተች። በሕይወቷ ውሻ ከደፍ አሳልፋ አታውቅም ነበር።

«የንስሐ አባቴ ጠበል የረጩበት ቤት ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ስሚ አንች። ትምህርት ቤት አሟታል እላለሁ። በሩን ለማንም እንዳትከፍች። በሽማግሌው በኩል ያለውን መስኮት ደግሞ በጭራሽ።»

«ለምን?»

«ቢጮህ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው።»

«ቢሰሙ ምን ያደርጋሉ?»

«እኔ እንጃ። እሱን ነው የምፈራው።»

ቤታችን አንድ ሳሎንና አንድ ጓዳ ነበር። ሰኞ ጠዋት እናቴ እንደወጣች ተወኝ በሩን መቧጨር ጀመረ። ከበሩ ወደ ጓዳው፣ ከጓዳው ወደ በሩ፤ ጥፍሩ ሲሚንቶው ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከአልጋ ወደ ወንበር ይዘላል። አንድ ትራስ ቀደደ፣ የአባቴን ጫማ ተረከዝ በላ። ልጮኽበት አልችልም፤ ጩኸቱ ይሰማል። «ተው» ልለው አልችልም፤ እላዬ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሥራ ልፈጥርለት ተነሣሁ።

የእንጀራ ድርቆሽ ቆራርሼ አሮጌ ቀሚስ ውስጥ ጠቀለልሁና ቋጠርሁት። ፈትቶ እስኪበላ ትንሽ ፋታ አገኘሁ። ሦስት ጣሳ ደፍቼ ከአንዱ ሥር ድንች ደበቅሁ፤ በአፍንጫው ገልብጦ አወጣው። በመጨረሻ ትልቁ ሥራ የዘይት ጀሪካን ሆነ። ጎኑን በቢላ በስቼ ቆሎ ጨመርሁበት። ጀሪካኑን ሲያንከባልለው አንዳንድ ፍሬ ይወድቅለታል። ለዚያች አንድ ፍሬ ብሎ ቤቱን ሙሉ ይዞራል፤ ግድግዳ ያስመታዋል፤ ይመልሰዋል። ድምፁ እንዳይወጣ ቁርበት አነጠፍሁ፤ እሱ ግን ቁርበቱ ላይ አያንከባልልም፤ ጎትቶ ሲሚንቶው ላይ ያወጣዋል። ቆሎው ሲያልቅ ተቀምጦ ያየኛል። ጆሮውን ወደ በሩ ያዞርና ይሰማል። እኔም እሰማለሁ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በበሩ ስንጥቅ ያየሁትን ብቻ ልናገር። አንዲት ቡናማ ውሻ፣ የማንም ያልሆነች፣ በመንገዱ መሀል ቀስ ብላ ትሄድ ነበር። ቆመች። የኋላ እግሮቿ ግትር አሉ። ወደቀችና እግሮቿ አየሩን መምታት ጀመሩ፤ አፏ አረፋ ደፈቀ። ሴትዮዎች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሌላ በኩል ያልፋሉ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው እግሮቿ ቆመዋል። ከኋላዬ ተወኝ አፍንጫውን በስንጥቁ ሥር ሰክቶ አየሩን ይስባል፤ ጭራውን ይወዘውዛል። የሥጋው ሽታ ደርሶት ነበር። ሁለት እጆቼን አንገቱ ላይ ጠምጥሜ እናቴ እስክትመጣ አለቀቅሁትም።

«ነገ ብቻ ነው የቀረው» አለችኝ። ያን ዕለት ሽሮዋን እንኳ በእጇ አጎረሰችው።

ረቡዕ እናቴ ቅዳሴ ሄደች። በጾም ቅዳሴ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚወጣው። ቀትር ላይ ተወኝ የተጸዳዳበትን አመድ ሰብስቤ በጓሮ በር ልደፋ ወጣሁ። የበሩን መንጠቆ ከኋላዬ አደረግሁ ብዬ ነበር። ዛሬም ያን መንጠቆ በአሳቤ ሳየው አንድ ጊዜ ይዟል፣ አንድ ጊዜ አልያዘም። የማውቀው አመዱን ስደፋ በእግሮቼ መሀል አንድ ነገር እንደነፋስ ማለፉን ነው።

አጥሩን ዘለለ። እኔ በበሩ ዞሬ መንገድ ላይ ስወጣ እሱ ከሩቅ ክብ እየሠራ ይሮጣል፤ የሦስት ቀን እስራቱን ሁሉ እዚያ መንገድ ላይ አወጣው።

«ተወኝ!» አልሁ። «ተወኝ! ኧረ ተወኝ!»

ሁለተኛዋን ስጠራ ድምፄ ተሰብሮ ነበር። ለቅሶ ነበር። በመሀላችን ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ የእጅ ጓንት ያደረገ፣ ባልዲ የያዘ ሰውዬ ነበረ። ወደ እኔ ዞረና አንድ እጁን ከፍ አድርጎ በፍጥነት መጣ። ምን ሊል እንደፈለገ በኋላ ነው የሰማሁት። ያኔ ባልዲውን ብቻ ነው ያየሁት። ሥጋው እዚያ ነው። «ተወኝ! ተወኝ!» ብዬ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አወጣሁ።

እንግዲህ አስቡት። አንዲት ልጅ እያለቀሰች «ተወኝ» ትላለች። አንድ ወንድ እጁን አንሥቶ ወደ እሷ ይመጣል። በርበሬ የሚጭኑ ሁለት ጎረምሶች ከመኪና ላይ ዘለው ወረዱ።

«አንተ ምናባክ ሆነህ ነው ልጅቷን!»

«በጠራራ ፀሐይ? ወንድ ነህ?»

አንደኛው ኮሌታውን ጨመደደው፤ ሌላው በጥፊ አላሰው። ባልዲው ተገለበጠ። ቀይ የሥጋ ቁራጭ አቧራው ላይ ተበተነ። ከየበሩ ሰው ወጣ፤ አንዲት ሴት ጎትታ ደረቷ ውስጥ ወሸቀችኝ። «ምን አደረገሽ? ንገሪኝ የኔ ልጅ፣ ነካሽ?» ትለኛለች። እኔ በክንዷ ሥር ሳይ ተወኝ ክቡን አቋርጦ፣ አፍንጫውን መሬት ለመሬት እየጎተተ፣ ወደ ሥጋው እየመጣ ነው።

«ተወኝ…» አልሁ፤ ሌላ ቃል አልወጣልኝም።

«ሰማችሁ? አሁንም ፈርታዋለች! ያዙት!»

ሰውዬው ሌላ ጥፊ ጠጣ። ተወኝ ደረሰ። አንዱን ቁራጭ በአፉ አነሣ። ቀዩን በጥርሶቹ መሀል አየሁት።

በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ከበራቸው ወጡ። እሳቸው ያዩት ጠብ ነው፤ ትልቅ ሰው ጠብ ሲያይ የሚለውን አሉ።

«ተው! ተው! ኧረ ተው አንተ ልጅ! ተው!»

ተወኝ ቀና አለ። አፉ ተከፈተና ቁራጩ ወደቀ። ጭራውን እየወዘወዘ በሰዉ እግር መሀል ሹልክ ብሎ ሄደና ሁለቱን የፊት እግሮቹን ሽማግሌው ደረት ላይ አወጣ። ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። ዱላቸውን ጥለው አንገቱን ያዙ። መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ መሬቱን፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ልቀቁት ሰውየውን» አሉ። «ልቀቁት፣ እናንተ ጅሎች! ስም ነው የምትጠራው። የዚህ ውሻ ስም ነው።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ባለ ቱታው ከንፈሩ ደምቶ ነበር። አልሳቀም። ተንበርክኮ ቁራጮቹን ወደ ባልዲው እየለቀመ፣ «እጄን ያነሣሁት ሥጋውን እንዳትረግጪ ልላት ነበር» አለ። «እኔም ልጆች አሉኝ።» ይቅርታ አልጠየቅሁትም። በኋላ ብዙ ሰው አነጋግሬያለሁ፣ ብዙ ስም ጽፌያለሁ፤ የእሱን ስም ግን አላውቀውም።

ሽማግሌው ውሻውን እንደያዙ ወደ በራቸው ሄዱ። «ነይ፣ ግቢ» አሉኝ። ደጁ ላይ ቆምሁ። እናቴ የምትፈራው ቤት ነው። ነገር ግን ውሻዬ ገብቷል፤ ገባሁ።

በሩን ዘግተው አፉን በሁለት እጃቸው ከፈቱ። ጣታቸውን አስገብተው የምላሱን ሥር ዳሰሱ፤ ጣታቸውን አሸተቱ። «አንድ ነው ያነሣው ሁለት?» አሉኝ።

«አንድ ሲወድቅ አይቻለሁ አባባ።»

«ያላየሽውስ?»

ውሃ ሰጡት፤ ጠጣ። ከዚያ መሬቱ ላይ ቁርበት አንጥፈው አስተኙትና ጎኑ ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ተቀመጡ። እኔ በማዶው ተቀመጥሁ። ቤቱ የበርበሬና የደረቀ ባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ ነበረው። በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባ አንድ የብርሃን ዘንግ መሬቱ ላይ ቆሟል። የሚሰማው የተወኝ ቁና ቁና መተንፈስ ብቻ ነው።

«ይኼ ስም ለእኔ የወጣ ነው፣ አይደል?» አሉ ሳያዩኝ።

ልዋሽ ነበር። ፍርሃቱ ግን ለውሸት ቦታ አልተወም። «አዎ አባባ» አልሁ።

«አውቃለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ደግሞ ያ የምታንኳኩት ነገር ምንድን ነው?»

«ጀሪካን ነው። ሥራ እንዳይፈታ ብዬ… ይሰማዎት ነበር?»

«የማይሰማ መሰለሽ? ትናንት ባለ ባልዲው በአጥራችሁ በኩል ሲያንዣብብ፣ ‹እዚህ ቤት ውሻ የለም፣ ልጅቷ ታማለች፣ ሂድ› ብዬ መለስሁት። ዋሸሁ፣ በጾም።»

እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ የተወኝ አተነፋፈስ ተለወጠ። ረዘመ። ከዚያ አንድ የኋላ እግሩ ግትር አለ፤ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ተከተለ። ከንፈሩ ተላወሰ። አራቱም እግሮቹ አየሩን መምታት ጀመሩ።

ጮኽሁ። የቡናማዋ ውሻ እግሮች ነበሩ የታዩኝ። ተነሥቼ ልወድቅበት ስል ሽማግሌው በነጻ እጃቸው ክንዴን ያዙኝ። ሌላው መዳፋቸው ከጎኑ አልተነሣም። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ አፍንጫው አስጠጉ። ቆዩ። ያን ቆይታ በምን እንደምለካው አላውቅም።

«ተኝቷል» አሉ በሹክሹክታ።

«እግሩስ?»

«እየሮጠ ነዋ። ሦስት ቀን ያልሮጠውን ነው።»

እጄን ያዙና መዳፌን ጎኑ ላይ አስቀመጡልኝ። ልቡ ይመታል፤ ፈጣን ነው፣ ግን አልተዛነፈም። በእንቅልፉ ትንሽ ጮኸ፤ በማንኩሳ ሜዳ ከከብቶቹ ኋላ ሲሮጥ የሚጮኸውን ጩኸት። ሽማግሌው ፈገግ ሲሉ የመጀመሪያዬ ነበር ማየቴ። ያ ቤት ዛሬ የለም፤ መንገድ ሆኗል። እዚያ በኩል ሥራ ሲወስደኝ መኪናው በላዩ ያልፋል፤ እኔም ለሹፌሩ ምንም አልናገርም።

እናቴ ከቅዳሴ መጥታ ቤቱን ባዶ አገኘችው። ሰፈሩ የነገራትን ሰምታ እየሮጠች መጣች፤ ትንፋሿን ከበሩ ውጭ ሰማሁት። በሩን ገፋ አደረገች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፤ ከንፈሯ ደርቋል። ውሻውን ተኝቶ አየች። የሽማግሌውን እጅ አየች፤ የእኔን እጅ አየች። ከእሳቸው ጋር ቃል ከተለዋወጠች ሁለት ዓመት አልፎ ነበር።

«ሞተ?» አለች።

ሽማግሌው አልሞተም ለማለት ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

ደፉ ላይ ቆመች። ለመግባት አልደፈረችም፤ ለመመለስም አልፈለገች።

«ልግባ?» አለች ዝቅ ብላ።

«ግቢ እንጅ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ቀስ ብለሽ ግን። እንዳታስነሽው።»

እናቴ ጫማዋን ደጅ አውልቃ በባዶ እግሯ ገባች።